የጥላ ሥዕልና የሠሪው ድርሻ

ፎቶግራፍ በ1839 ለሕዝብ ከተገለጸበት ጊዜ ጀምሮ ከሥነ ጥበባት ተራ ይግባ አይግባ የሚል ክርክር ሳይቋረጥ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተቃዋሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመካኙት በካሜራው ነው። ሥራውን የሚሠራው መሣሪያው ከሆነ ሰውየው ጣቱን ከማንቀሳቀስ በቀር ምን አደረገ? ይላሉ። ደጋፊዎቹም በበኩላቸው መልሱን የሚያመጡት ከዚያው ከካሜራው ነው፤ ቦታውን የመረጠ፣ ሰዓቱን የጠበቀ፣ ካሜራውን ያቀና ሰው ነው እያሉ ይሟገታሉ። እኛ ግን ነገሩን በሌላ በኩል ልንመረምረው አስበናል። ካሜራው ጨርሶ ቢወሰድስ? ሌንሱም፣ ፊልሙም ቀርቶ ብርሃንና ወረቀት ብቻ ቢተርፉ የሠሪው ድርሻ ከወዴት ይገኛል?

ይህ ለጨዋታ ያህል የተነሣ ጥያቄ አይደለም። ያለ ካሜራ በብርሃን ብቻ የሚሠራ ሥዕል በእርግጥ አለ፤ የሥነ ጥበብ ሰዎች ፎቶግራም ይሉታል። ታሪኩን ስንመረምር ደግሞ፣ “ሥራውን የሠራው ብርሃን ነው” የተባለለት ሰው ስሙ እንዴት እንደሚጠፋ ግልጽ ሆኖ እናያለን። ስለዚህ የዚህ ክርክር ፍሬ የቃል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛው ዋጋውን የመስጠትና የመንሣት ጉዳይ ነው።

አሠራሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ እንገልጻለን። ሠሪው ወደ ጨለማ ክፍል ይገባል። እዚያ የሚበራው የፎቶግራፉን ወረቀት የማይጎዳው ደብዛዛ ቀይ መብራት ብቻ ነው። የወረቀቱ ፊት በጄላቲን ውስጥ የተያዘ የብር ጨው ተቀብቷል። በዚህ ወረቀት ላይ ቅጠል፣ ላባ፣ ቁልፍ፣ ብርጭቆ ወይም ሌላ የፈቀደውን ነገር ያኖራል። ከዚያም ከበላዩ ነጭ መብራት ለጥቂት ሰኮንድ አብርቶ ያጠፋል። ዕቃውን አንሥቶ ወረቀቱን በማጠቢያው መድኃኒት ሲነክረው ብርሃን ያገኘው ቦታ ይጠቁራል፤ ዕቃው የጋረደው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ ቀለል ባለ አሲድ የማጠቢያውን ሥራ ያስቆማል፤ በማጽኛው መድኃኒት ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው ያስወግዳል፤ በመጨረሻም በብዙ ውሃ ያለቀልቀዋል።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ቢመስልም ረቂቅነቱ የሚታወቀው ሥራው ሲጀመር ነው። ወረቀቱን የነካ ዕቃ ጠርዙ ስለታም ሆኖ ይወጣል፤ ከወረቀቱ ጥቂት ከፍ ያለ ዕቃ ግን ጠርዙ እየሳሳ ይደበዝዛል። ብርጭቆ ብርሃኑን በከፊል ያሳልፋል፣ በከፊልም ይሰብራል፤ ስለዚህ በጥላው መካከል ሠሪው ራሱ ያላሰባቸው ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። መብራቱ በበራበት ጊዜ አጋማሽ ዕቃው ከቦታው ቢንቀሳቀስ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ሁለቱም ግራጫ ይሆናሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሥርዓቱ የተገለበጠ ነው። በዓይናችን የለመድነው ጥላ ጥቁር ሲሆን፣ በዚህ ወረቀት ላይ ጥላው ነጭ፣ ብርሃኑ ጥቁር ይሆናል።

በቋንቋችን ፎቶግራፍ “ማንሣት” እንላለን። ካሜራ ይዞ ለሚሠራው ሰው ይህ ቃል እንዴት እንደተሰጠው ባናስተውልም፣ ለፎቶግራም ግን ልክ ሆኖ እናገኘዋለን። በመጀመሪያ ዕቃው ይቀመጣል፤ በኋላ ይነሣል፤ ከተነሣ በኋላ ቦታው ይቀራል። ሥዕሉ ማለትም የተነሣው ነገር የነበረበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1802 ቶማስ ዌጅዉድና ሀምፍሪ ዴቪ የተባሉ እንግሊዛውያን በብር ናይትሬት የተነከረ ወረቀትና ቆዳ ላይ የቅጠልና የመሳሰለውን ጥላ ማተም መቻሉን ገለጹ። ነገር ግን ሥዕሉን የሚያጸኑበት መድኃኒት አልነበራቸውም። ያ ሥዕል በጨለማ ተሸሽጎ፣ ሲያስፈልግም በሻማ ብርሃን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይታይ ነበር፤ ቀን ያየው እንደሆነ ሁለመናው ይጠቁርና ይጠፋል። የወለደው ብርሃን መልሶ የሚበላው ሥዕል ነበር ለማለት ይቻላል።

ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ነገሩን ወደ ፍጻሜ አደረሰው። ታልቦት ሊቅ ሰው ቢሆንም እጁ ለሥዕል የታደለ አልነበረም። በ1833 በኢጣልያ በኮሞ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ያየውን አገር በመሣሪያ እየተረዳ ለመሣል ሞክሮ አልሆነለትም። ተፈጥሮ ራስዋን በወረቀት ላይ ብታሳርፍስ የሚል አሳብ የመጣለት በዚህ ጊዜ ነበር። ከ1834 ጀምሮ ወረቀትን በገበታ ጨውና በብር ናይትሬት እየነከረ፣ ቅጠልና ዳንቴል እያኖረበት በፀሐይ ያትም ጀመር። በኋላም ከ1844 እስከ 1846 “የተፈጥሮ እርሳስ” የተባለውን መጽሐፉን በክፍል በክፍል ሲያወጣ፣ ሥዕሎቹ በብርሃን ኀይል ብቻ የታተሙ እንጂ የሠዓሊ እርሳስ ያልነካቸው መሆናቸውን ለአንባቢ አሳሰበ።

ይህ የታልቦት አሳብ ያማረ ቢሆንም በእኛ አስተያየት ብዙ ስሕተት ያስከተለ አሳብ ነው። መሣል ያልቻለ ሰው ያገኘውን እፎይታ የሚገልጽ ቃል እንጂ የሥራው እውነተኛ መግለጫ አይደለም። ታልቦት የራሱን ዳንቴል በወረቀቱ ላይ ሲዘረጋ፣ እጥፋቱን ሲያቀና፣ በብርጭቆ ሲጫን፣ ፀሐዩን ሲለካ የነበረው ማን ነው? ተፈጥሮ ዳንቴል አታቃናም። ሠሪው ራሱ “እኔ አልሠራሁትም” ባለ ጊዜ ግን ከርሱ በኋላ የመጡት ሠሪዎችም እንዳልሠሩ ሊቆጠሩ መንገዱ ተከፈተ።

ከነዚህ መካከል ፊተኛዋ አና አትኪንስ ነች። በ1799 በእንግሊዝ አገር በኬንት ተወለደች፤ አባቷ ጆን ጆርጅ ችልድረን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚሠራ የሳይንስ ሰው ነበር። በ1823 አባቷ የላማርክን የቀንድ አውጣና የዛጎል መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ከ200 በላይ የሆኑትን ሥዕሎች በእጅዋ የሣለች እርስዋ ነች። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንወዳለን። ታልቦት ወደ ብርሃን የመጣው መሣል ስላልቻለ ነበር፤ አትኪንስ ግን ወደ ብርሃን የመጣችው መሣል እየቻለች ነው።

በ1842 የቤተ ሰቡ ወዳጅ የነበረው ሰር ጆን ሄርሼል ብር የማያስፈልገው አዲስ የኅትመት ዘዴ አገኘ። በሁለት የብረት ጨዎች የተቀባ ወረቀት ፀሐይ ሲያገኘው ይለወጣል፤ በንጹሕ ውሃ ሲታጠብ ብርሃን የነካው ደማቅ ሰማያዊ፣ ጥላ ያረፈበት ነጭ ሆኖ ይጸናል። ሲያኖታይፕ የተባለው ይህ ዘዴ ነው፤ መሐንዲሶችም በኋላ ብሉ ፕሪንት እያሉ ለሕንፃ ንድፍ ማባዣ ለብዙ ዘመን ተጠቅመውበታል። አትኪንስ ዘዴው በተገኘ በዓመቱ፣ በ1843፣ በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ የሚበቅሉትን የባሕር ሣሮች የሚያሳየውን መጽሐፍዋን የመጀመሪያ ክፍል አወጣች። ሥራው እስከ 1853 ድረስ አሥር ዓመት ፈጀ፤ ገጾቹም ወደ 400 የሚጠጉ ናቸው። የጽሑፉ ገጽ ሳይቀር በእጅ ጽሕፈትዋ ተዘጋጅቶ በዚያው ዘዴ የታተመ ነው። በፎቶግራፍ ኅትመት የተገለጸ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ እንደሆነ ዛሬ ሊቃውንቱ ይስማማሉ፤ ከታልቦት መጽሐፍም ቀድሟል።

እነዚህን ገጾች በጥሞና የተመለከተ ሰው ምን ያያል? ከክር የቀጠኑ የባሕር ሣሮች እያንዳንዱ ቅርንጫፋቸው ሳይቆረጥ ሰማያዊው ላይ ተዘርግተዋል። ቅጠሉ ስስ በሆነበት ብርሃኑ ጥቂት ዘልቆ ሰማያዊው ይሳሳል፤ ቅጠሉ በራሱ ላይ በታጠፈበት ግን ነጩ ይጠነክራል። ስለዚህ ተመልካቹ የሣሩን ዙሪያ ብቻ ሳይሆን የአካሉን ውፍረትና ቅጥነት ጭምር ያነባል። አትኪንስ በመግቢያዋ ይህን ዘዴ የመረጠችበትን ምክንያት ስትገልጽ፣ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮችን በእጅ በትክክል መሣል አስቸጋሪ መሆኑን ታመለክታለች። ይህን የምትለው ከ200 በላይ ዛጎል የሣለች እጅ ስለሆነች ቃልዋ ክብደት አለው። እርሳሱን የጣለችው ባለመቻል ሳይሆን በፍርድ ነው።

ይሁን እንጂ ሐያሲ ያመሰገነውን ሁሉ ያለ ነቀፌታ ማለፍ አይገባውም። የባሕር ሣር በተፈጥሮው አረንጓዴ፣ ቀይና ቡኒ ሲሆን፣ ሳይንቲስቶችም አንዱን ወገን ከሌላው የሚለዩበት አንዱ ምልክት ቀለሙ ነው። በዚህ መጽሐፍ ግን ሁሉም በሰማያዊ ላይ ነጭ ናቸው። ወፍራም የሆኑት ሣሮችም ብርሃን ስለማያሳልፉ ከዙሪያቸው በቀር ምንም አይናገሩም፤ በወረቀቱ መካከል እንደ ተቆረጠ ነጭ ጨርቅ ይቀመጣሉ። ሰማያዊው ቀለም ባሕርን ስለሚያስታውስ ብዙ ሰዎች ያደንቁታል፤ ነገር ግን ቀለሙ የመጣው ከብረቱ ጨው ስለሆነ ለሠሪዋ ምስጋና ልንሰጥበት አይገባንም። ምስጋናው የሚገባት ያን የተሰጣትን ሰማያዊ ካወቀች በኋላ ሣሮቹን በውሃ እንደሚንሳፈፉ አድርጋ በመዘርጋትዋ ነው። አንዳንዱን ወደ ጎን ታዘነብለዋለች፤ አንዳንዱን ከገጹ ግርጌ ታስነሣዋለች፤ ስሙንም በላቲን ጽፋ ከበታቹ ባዶ ቦታ ትተውለታለች። ይህ የብርሃን ሥራ አይደለም፤ የእጅና የዓይን ሥራ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፎቶግራም ኔጋቲቭ ስለሌለው አንዱ ወረቀት አንድ ብቻ ነው። መጽሐፉን ለብዙ ሰው ለማዳረስ እያንዳንዱ ገጽ ለእያንዳንዱ ቅጂ እንደገና በፀሐይ መታተም ነበረበት። ዛሬ በልዩ ልዩ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች የሚገኙት ቅጂዎች ከአሥር ይበልጣሉ፤ እንግዲህ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ወረቀት ተቀብቶ፣ ፀሐይ ተሞቆ፣ ታጥቦ ነበር ማለት ነው። አትኪንስ ግን መግቢያውን የፈረመችው በስምዋ መነሻ በሁለት ፊደላት ብቻ ነበር፤ ኤ. ኤ.። ዘመን ካለፈ በኋላ ፊደላቱን ያየ አንድ ሰው “ስሙ ያልታወቀ አማተር” የሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ምሕፃር መስለውታል። አሥር ዓመት የተደከመበት ሥራ ባለቤት አጥቶ መኖሩ ያሳዝናል፤ ብርሃን ብቻ ሠራው በሚባልበት ዓለም ግን የሚያስገርም አይደለም።

ከአትኪንስ እስከ ማን ሬይ ሰባ ዓመት ያህል አለ። ማን ሬይ አሜሪካዊ ሆኖ ፓሪስ የተቀመጠ አርቲስት ነው። በ1963 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ፎቶግራምን ያገኘው በድንገት መሆኑን ይተርካል። በጨለማ ክፍል ሲሠራ ብርሃን ያላገኘ ወረቀት በስሕተት ከማጠቢያው ሳህን ገባ፤ እርሱም ሳያስብ ፈሳሽ ወደ ጠርሙስ የሚጨመርበትን የብርጭቆ ዕቃ፣ መለኪያውንና ቴርሞሜትሩን በእርጥቡ ወረቀት ላይ አስቀምጦ መብራቱን አበራ፤ ሥዕሉም በዓይኑ ፊት ወጣ። በ1922 ከነዚህ ሥዕሎች 12ቱን መርጦ “ያማሩ መስኮች” በሚል ስም በአልበም አወጣ፤ መቅድሙን የጻፈለትም ወዳጁ ትሪስታን ጻራ ነው።

ማን ሬይ ዋሸ አንልም። ነገር ግን የድንገቱ ታሪክ ለሥራው በቂ መግለጫ ሊሆን አይችልም። አንደኛ፣ ክርስቲያን ሻድ የተባለ ጀርመናዊ በ1919 በጄኔቫ ቁርጥራጭ ወረቀትና የተጣለ ጨርቅ በፀሐይ እያተመ እንዲህ ያለ ሥዕል ሠርቶ ነበር፤ ከነዚያም አንዱን በ1920 በመጽሔቱ ያወጣው ያው ጻራ ነው። እንግዲህ አሳቡ በወዳጆቹ መካከል የነበረ አሳብ ነው። ሁለተኛ፣ ድንገት አንድ ወረቀት ይሰጣል እንጂ 12 የተመረጡ ሥዕሎች አይሰጥም። ከነዚህ ገጾች አንዱ ላይ ዕቃው ራሱን እስኪረሳ ድረስ ተለውጦ ሲታይ፣ ማበጠሪያው ማበጠሪያነቱን ትቶ የብርሃን መሰላል ሲሆን፣ ይህን ያየና የመረጠ፣ ያልሆነለትንም የጣለ ዓይን ነበር ማለት ነው።

በ1923 ደግሞ “ወደ አእምሮ መመለስ” ለተባለው አጭር ፊልም ጨውና ቁንዶ በርበሬ፣ መርፌና ምስማር በፊልም ጥብጣብ ላይ በትኖ ብርሃን ሰጠው። ይህንኛውን ግን እንደ አልበሙ አናደንቀውም። የተበተነው ጨው በመጋረጃው ላይ ሲርመሰመስ ለጊዜው ዓይን ይማርካል፤ ከዚያ በኋላ ግን ተመልካቹ የሚይዘው ነገር ያጣል። በአልበሙ የነበረው ምርጫ እዚህ ጎድሎአልና።

አንድ ነገር ደግሞ ሳናነሣ አናልፍም። ማን ሬይ አልበሙን በ40 ቅጂ ለማባዛት ዋነኞቹን ወረቀቶች በካሜራ አንሥቶ ከኔጋቲቭ አሳተማቸው። ያለ ካሜራ የተወለደው ሥዕል በካሜራ ተባዛ። አትኪንስ በዚህ ቦታ እያንዳንዱን ወረቀት እንደገና ለፀሐይ ሰጥታ ነበር። ሁለቱን በዚህ ስናስተያይ ለዘዴው የታመነችው የባሕር ሣር ሰብሳቢዋ መሆንዋን ለመመስከር እንገደዳለን።

በዚያው በ1922 በበርሊን ላስሎ ሞሆይ ናጅ የተባለ የሀንጋሪ ሠዓሊ ፎቶግራም መሥራት ጀመረ። ሞሆይ ናጅ ከሁሉ ይልቅ የነገሩን ትምህርት የዘረጋ ሰው ነው። ብርሃን እንደ ሠዓሊ ቀለም ራሱን የቻለ ማቴሪያል ነው፤ ፎቶግራፍም ያለውን ከመቅዳት አልፎ የሌለውን መፍጠር አለበት ብሎ አስተማረ፤ በ1925 ባሳተመው መጽሐፍም አሳቡን አስፋፋ። ከ1923 እስከ 1928 በባውሃውስ ትምህርት ቤት፣ ከ1937 ጀምሮም በቺካጎ፣ በተማሪዎቹ አማካይነት ትምህርቱ ብዙ አገር ደረሰ። ሥራዎቹን በተመለከተ ግን የተከፋፈለ አስተያየት አለን። ፊቱንና እጁን በወረቀቱ ላይ አሳርፎ ያተማቸው ልብ ይነካሉ፤ ብርሃንን ለብርሃንነቱ ብቻ ያሳየባቸው አንዳንዶቹ ግን ከሥዕልነት ይልቅ ወደ ትምህርት ሰሌዳነት ያዘነብላሉ።

እዚህም ላይ የስም ጉዳይ ይመጣል። የጨለማ ክፍሉን ሥራ በደንብ የምታውቀው ሚስቱ ሉሲያ ሞሆይ ነበረች። እነዚያን የመጀመሪያ ሙከራዎች ሁለቱ በአንድነት እንደሠሩአቸው ሉሲያ በ1972 ባወጣችው ትንሽ መጽሐፍ አስታወቀች። ታዲያ ለአምሳ ዓመት ያህል የአንድ ሰው ስም ብቻ ሲጠራ ኖሮ ነበር። አሳቡን የተናገረው ሲታወስ፣ ወረቀቱን ከመድኃኒቱ ያወጣችው ተረሳች። የጨለማ ክፍል ሥራ የአገልጋይ ሥራ ነው ተብሎ የተቆጠረ ይመስላል። ይህም ከታልቦት ቃል የማይርቅ ስሕተት ነው፤ አንዱ ሥራውን ለብርሃን ሰጠ፣ ሌላው ለአሳብ ብቻ ሰጠ፤ በሁለቱም መካከል እጅ ተዘነጋ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ካሜራው ከተወሰደ በኋላ የሠሪው ድርሻ በአራት ነገር ይገኛል እንላለን። ምን እንደሚኖር መምረጥ፤ የት እንደሚኖር ማቀናት፤ ብርሃኑ መቼ እንደሚበቃው ማወቅ፤ ከወጡት ወረቀቶች የትኛው እንደሚጣል መፍረድ ናቸው። በነዚህ ሚዛኖች ስንመዝን የአትኪንስ መጽሐፍ ከሁሉ ይልቃል፤ ምክንያቱም አራቱንም ለዕቃው እውነት ታማኝ ሆና ፈጽማቸዋለችና። የማን ሬይ አልበም ይከተለዋል። የሞሆይ ናጅና የሉሲያ ሥራ ደግሞ ካሳየን ይልቅ ያስተማረን ይበልጣል።

“ይህማ ሕፃንም የሚሠራው ነው” የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ሕፃንም ይሠራዋል። ፊደል መጻፍንም ሕፃን ይችላል፤ ስለዚህ ቅኔ የሕፃን ሥራ ነው የሚል ግን አላጋጠመንም። ዘዴው ቀላል መሆኑ ሠሪውን ከመሸፈን ይልቅ ይገልጠዋል፤ የሚያመካኝበት መሣሪያ የለውምና። ዛሬ በየኪሱ ካሜራ በሚገኝበት ጊዜ፣ በቀን ስንት ሥዕል እንደምናነሣ መቁጠር ባቆምንበት ዘመን፣ አንድ ወረቀት ይዞ አንድ ቅጠል የት እንደሚያኖር ለሩብ ሰዓት የሚያስብ ተማሪ ከማናቸውም ሐተታ የበለጠ ይማራል።

ይህንንም የምንለው በተለይ ለመምህራን ነው። የሄርሼል ዘዴ የጨለማ ክፍል እንኳ አይሻም፤ ደብዛዛ ክፍል፣ ፀሐይና ውሃ ይበቁታል። የሳይንስ መምህሩ የብረቱን ጨው ለውጥ፣ የሥዕል መምህሩ የነጩንና የሰማያዊውን ሚዛን፣ የሥነ ሕይወት መምህሩ የቅጠሉን አካል በአንድ ወረቀት ላይ ሊያስተምሩ ይችላሉ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እንዲያስለምዱ እንለምናቸዋለን። ወረቀቱ ታጥቦ ሲደርቅ ተማሪው ስሙን ከግርጌው በሙሉ ፊደል ይጻፍበት።